ጎመንና ቋንጣ በአርካዊት

እንግዳ በድንገት የደረሰባት እመቤት በምድጃዋ ላይ የተጣደው ጎመን ብቻ የሆነ እንደ ሆነ ፊቷ ይቀላል፤ «ምነው አስቀድማችሁ በነገራችሁኝ» እያለችም ይቅርታ ትጠይቃለች። ጎመን በአገራችን ከማጀት የማይጠፋ፣ ነገር ግን በማዕድ ላይ የማይከበር ምግብ ነውና። ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባም «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» ተብሎ ከቤት የሚሰደደው እርሱ ነው። እኛ ግን ዛሬ ብዕራችንን ያነሣነው ለዚሁ ለተሰደደው ምንቸት ጠበቃ ለመሆን ነው። በሚያዝያ ወር 2015 ዓ.ም. በሱዳን ዋና ከተማ በካርቱም፣ አርካዊት በተባለችው ሠፈር፣ ጦርነት በደጃችን በቆመ ጊዜ ሰባት ነፍስ የነበርንበትን ቤት የመገበው የጎመንና የቋንጣ ድስት ነበርና።

ወደ አሠራሩ ከመግባታችን በፊት፣ አማርኛን በመማር ላይ ለሚገኙት የመንግሥት ሠራተኞች ጥቂት ቃላት ማስረዳት ይገባናል። እኛም ወደ አማርኛ የመጣነው ከትግርኛ ተነሥተን ስለ ሆነ የተማሪውን ድካም እናውቀዋለን። አማርኛ ጎመን የሚለውን ትግርኛ ሓምሊ ይለዋል፤ በግእዝም ሐምል ማለት ለምግብ የሚሆን ቅጠላ ቅጠል ነው። ሐምሌ የተባለው ወርም ስሙን ያገኘው ምድር በዝናም ለምልማ ቅጠል ከመልበሷ የተነሣ እንደ ሆነ ሊቃውንቱ ያስረዳሉ። ቋንጣ ማለት ተዘልዝሎ፣ በጨው ታሽቶ የደረቀ ሥጋ ነው። «ዘለዘለ» ሲባል ሥጋን ሳይበጥሱ እንደ ጥብጣብ ረጅምና ቀጭን አድርጎ ማውጣት ነው። ጎመንን ከግንዱ ለመለየት ግን «ቆረጠ» አይባልም፤ «ቀነጠሰ» ይባላል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስተው መረቅ የሚለው ቃል ነው። መረቅ ማለት ሥጋ ወይም አትክልት ተቀቅሎበት ጣዕሙን የጠጣ ውሀ ነው፤ ዐረቦችም በሚመስለው ቃል ይጠሩታል። «መረቀ» ማለት ግን ባረከ፣ መልካም ተመኘ ማለት ነው። አንድ አማርኛ ጀማሪ የሆነ ወጣት ሠራተኛ በአንድ ሽማግሌ ቤት ራት ተጋብዞ መረቁ እንዲጨመርለት ፈለገና «አባባ፣ እባክዎ ይመርቁኝ» አለ። ሽማግሌውም ማንኪያቸውን አስቀምጠው ተነሡ፤ ስለ ዕድሜው፣ ስለ ሥራው፣ ገና ስላላገባት ሚስቱና ገና ስላልተወለዱት ልጆቹ እጃቸውን ዘርግተው ብዙ መረቁት። ምርቃቱ ሲፈጸም መረቁ ቀዝቅዞ ነበር። ያ ወጣት ማን እንደ ሆነ አንናገርም።

አርካዊት በካርቱም ከተማ ከአውሮፕላን ማረፊያው በስተደቡብ በኩል ያለች ሠፈር ናት። በቀይ ባሕር ተራሮች ላይም በዚሁ ስም የምትጠራ ሌላ ቦታ አለች፤ ያችኛይቱ ጉም የሚወርድባት፣ በእንግሊዞች ዘመን ሹማምንቱ ከሙቀት ሸሽተው ያርፉባት የነበረች ደጋ ናት። የካርቱሟ አርካዊት ስሟን እንጂ ብርዷን አልወረሰችም። በሚያዝያና በግንቦት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ ከቀትር በኋላ የብረት በር የነካ ሰው እጁን ቶሎ ይሰበስባል። ከጦርነቱ በፊት በካርቱም እጅግ ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ይኖሩ ነበር፤ አንዱ ለሥራ፣ አንዱ በስደት፣ አንዱም ወደ ሌላ አገር የሚሻገርበትን ቀን እየጠበቀ። እኛም በአንድ ቤት ሰባት ሆነን ተከራይተን ነበር። የድስቱ ሥልጣን በእጃቸው የነበረው እትዬ የምንላቸው የጎንደር ሴት ነበሩ። ከግድግዳው ማዶ የሚኖሩት አሮጊት ሱዳናዊት ደግሞ የቤቱ ባለቤት ሲሆኑ፣ እንደ ሠፈሩ ልጆች ሁሉ እኛም ሀቦባ እንላቸው ነበር፤ ይኸውም አያቴ ማለት ነው።

በአገራችን ቋንጣ የሚሰቀለው ከምድጃ በላይ ነው። እመቤቲቱ እንጀራ ስትጋግር፣ ወጥ ስትሠራ፣ ቡና ስታፈላ ጭሱ ሳትጠራው ወደ ላይ ወጥቶ ሥጋውን ያጥነዋል። ስለዚህም ማንም ሰው የቋንጣን ጭስ እንደ ሙያ አይቆጥረውም፤ ጭስ ወደሌለበት ቤት ሲገቡ ግን የጎደለው ነገር ይታወቃል። በአርካዊት ቤታችን የነበረው የጋዝ ምድጃ ነበር። የመጀመሪያውን ቋንጣችንን በዚያ ቤት አድርቀን ስንቀምሰው ጨዉም በርበሬውም ሳይጐድል ጣዕሙ የሌላ ሰው ቤት ሆነብን።

ሁለተኛው ሙከራችን ከዚህም የባሰ ነበር። በሰኔ ወር 2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ ሥጋ ዘልዝለን በግቢው ገመድ ላይ ሰቅለን ወደ ሥራችን ሄድን። ከቀትር በኋላ ሱዳኖች ሀቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል እንደ ቀይ ግድግዳ ተነሥቶ ከተማውን ዋጠው። ማታ ስንመለስ ሥጋው ከገመዱ አልተለየም፤ ነገር ግን ጥርስ የሚያኝከው ሥጋውን ይሁን አሸዋውን ለማወቅ አስቸጋሪ ነበር። እትዬ ሦስት ጊዜ አጥበው በመጨረሻ ለሠፈሩ ድመቶች ሰጡት፤ ድመቶቹም አመነቱ።

እንግዲህ ከስሕተታችን የተማርነው ይህ ነው። ለቋንጣ የሚመረጠው የታፋ ወይም የሽንጥ ቀይ ሥጋ ነው። ሞራውና ጮማው ተለቅሞ መውጣት አለበት፤ ጮማ እንደ ቀይ ሥጋ አይደርቅም፣ ቆይቶም ጠረኑ ይለወጥና የቀረውን ያበላሻል። ሥጋው ሲዘለዘል ውፍረቱ ከትንሽ ጣት አይብለጥ። ለአንድ ኪሎ ሥጋ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጨው፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ በርበሬና ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ ይበቃዋል። በዚህ በደንብ ታሽቶ ሁለት ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ፣ አንዱ ከሌላው ሳይነካካ በንጹሕ ገመድ ላይ ይሰቀላል።

የሚሰቀልበትን ሰዓት አስተውሉ። እትዬ ፀሐይ ሳትጠልቅ አይሰቅሉም ነበር፤ ዝንብ በጨለማ አያስቸግርምና። እስኪነጋ ድረስ የሥጋው ላይኛ ገጽ ይደርቅና እንደ ስስ ቆዳ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ዝንብ ቢመጣም እንደ እርጥቡ አይመቸውም። ቀን ቀን ወንፊት መስኮት ባለው፣ ነፋስ በሚያሳልፍ ጥላ ክፍል ውስጥ ይቆይ። እንደ ካርቱም ባለ ደረቅ አገር በጥርና በየካቲት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይበቃዋል፤ በክረምት ግን አየሩ እርጥበት ስለሚይዝ ባይሞክሩት ይሻላል። መድረሱ የሚታወቀው ሲያጥፉት ቀጭ ብሎ የተሰበረ እንደ ሆነ ነው። ከሦስት ኪሎ እርጥብ ሥጋ አንድ ኪሎ ገደማ ቋንጣ ይገኛል፤ የቀረው ውሀ ነበር። ሥጋን የሚያበላሹት በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ተሕዋስያን ያለ ውሀ ሊራቡ አይችሉም፤ ጨዉም የቀረውን እርጥበት ይነፍጋቸዋል። ጭሱ ደግሞ ከላይ ሆኖ ይከለክላቸዋል፤ ስቡም ቶሎ እንዳይበላሽ ያደርጋል።

ለጭሱ አሮጌ በርሜል አገኘን። ከታች ፍም ተደረገበት፣ በፍሙ ላይ ውሀ የነካ የእንጨት ስባሪ ተጨመረ፣ ሥጋው ከላይ በሽቦ ተንጠለጠለ፣ አፉም በእርጥብ ጆንያ ተከደነ። ጭሱ ቀጭን ይሁን፤ ነበልባል ከታየ ሥጋው ይጠበሳል እንጂ አይታጠንም። እጅ ወደ ውስጥ ሲገባ ሙቀቱን ሊታገሥ ይገባል። በሁለት ምሽት ሁለት ሁለት ሰዓት በቂ ነው።

ያስቸገረን የእንጨቱ ነገር ነበር። በአገራችን ወይራ እንላለን፤ በአርካዊት ግን ወይራ ከየት ይመጣል? እንጨት ሻጩን «ሽታው መልካም የሆነ» ብለን ብንጠይቀው ሳያመነታ ጣልሕ የሚሉትን ሰጠን። ጣልሕ ከግራር ወገን የሆነ ዛፍ ነው። እኛም ደስ ብሎን በርሜሉን አጨስን። ገና ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሀቦባ አዲስ ቶብ ተከናንበው፣ እልል ሊሉ ምንም ያልቀራቸው ሆነው በራችንን አንኳኩ።

«ልጆቼ፣ ከመካከላችሁ ልትዳር ያለችው ማን ናት? ለእኔ እንዴት አልተነገረኝም?» አሉ።

ለካስ የሱዳን ሴቶች ገላቸውን የሚታጠኑት በዚሁ በጣልሕ ነው፤ በተለይም ሙሽራ ከሠርጓ በፊት ብዙ ቀን ትታጠነዋለች። የጣልሕ ጭስ ከአንድ ግቢ ሲወጣ ጎረቤት ሁሉ የሚገባው ነገር አንድ ነው። እትዬ ምንም ሳይደነግጡ ሀቦባን እጃቸውን ይዘው ወደ በርሜሉ ወሰዱና ጆንያውን ገለጥ አድርገው፣ በዚያ በሰበረ ዐረብኛቸው፣ «ሀቦባ፣ ሙሽራይቱ ይህችውና፤ የምትዳረውም ለጎመን ነው» አሏቸው። ሀቦባ ቶባቸው ከራሳቸው እስኪወድቅ ድረስ ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቋንጣችን በግድግዳው ማዶም በግድግዳው ማዶ በእኛም በኩል ስሙ ሙሽራይቱ ሆነ።

ሱዳኖችም የደረቀ ሥጋ አላቸው፤ ፈጭተው ወይም ወቅጠው ወጥ ይሠሩበታል። ስሙን ግን በዚህ ገጽ ላይ አንጽፈውም፤ በአማርኛ ጆሮ ሲሰማ የሚያሳፍር ስድብ ይመስላልና። እትዬ መጀመሪያ የሰሙት ቀን ሀቦባ የተቆጡ መስሏቸው ነበር። እኛም የሱዳን ቋንጣ ብለን እናልፈዋለን።

ስለ ጭስ ከተናገርን አንድ ነገር መሸሸግ አይገባንም። የዓለም የጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል እ.ኤ.አ. በ2015 ዓ.ም. በጨው፣ በጭስና ይህን በመሰለ ዘዴ የተሰናዳን ሥጋ ለካንሰር ምክንያት ከሚሆኑ ነገሮች ተራ አስገብቶታል። ስለዚህ ቋንጣን እንደ ዳቦ ዕለት ዕለት መብላት አይመከርም። በዚህ መረቅ ውስጥ ግን ቋንጣው እንደ ቅመም ጥቂት ሲሆን የድስቱ ጌታ ጎመኑ ነው። ይህን ዘዴ ያወቁት የእኛ ሰዎች ብቻ አይደሉም። በሰሜን ፖርቱጋል ገበሬው ጎመንን እንደ ክር አድርጎ ቀርድዶ ከድንችና ከጥቂት የታጠነ ቋሊማ ጋር ይቀቅላል፤ በደቡብ አሜሪካ ክፍላተ አገርም፣ የዩናይትድ ስቴትስን ደቡብ ማለታችን ነው፣ የጎመን ድስት ያለ ታጠነ ሥጋ አይጣድም። እነርሱ ግን የሚጨምሩት ብዙውን ጊዜ የዐሣማ ሥጋ ነው፤ ይህ ለእትዬም ለሀቦባም የሚነገር አይደለም።

ወደ ቅጠሉ እንመለስ። ነጭ ዓባይና ጥቁር ዓባይ በሚገናኙበት ሥፍራ ቱቲ የተባለች ደሴት አለች፤ ለብዙ ዘመን ካርቱምን አትክልት ስትመግብ የኖረች ናት። በገበያው ጅርጅር፣ ሙሉኺያና ሪጅላ ይገኙ ነበር። ጅርጅር በጥሬው ስለሚበላ ለድስት አንፈልገውም። ሙሉኺያ ሲበስል ስለሚያዝለገልግ የሚወደው ሰው አለ፣ የማይወደውም አለ፤ እኛ ከማይወዱት ወገን ነን። ሪጅላ ግን መሬት ለመሬት የምትሳብ፣ ቅጠሏ ትንሽና ወፍራም፣ ጣዕሟ ጥቂት ኮምጠጥ ያለ፣ ሙቀትና ጥማት የማይበግራት ተክል ናት። የአገራችንን ጎመን ደግሞ እትዬ ከጎንደር በመጣ ዘር በዘይት ቆርቆሮ ይተክሉት ነበር፤ ከኅዳር ጀምሮ ያምራል፣ ሚያዝያ ሲገባ ግን ቅጠሉ ይጠነክርና ወደ አበባ ይሮጣል። ጠንካራውን ጎመን ከለስላሳዋ ሪጅላ ጋር መቀላቀል የተገኘውም በዚህ ምክንያት ነው።

ለስድስት ሰው የሚሆነው እንዲህ ነው። 200 ግራም ቋንጣ፣ ሦስት ሩብ ኪሎ ጎመን፣ ሩብ ኪሎ ሪጅላ፣ ሁለት ራስ ቀይ ሽንኩርት፣ አራት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ የአውራ ጣት ያህል ዝንጅብል፣ ግማሽ ብርጭቆ የገብስ ወይም የስንዴ ቅንጬ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የሰሊጥ ዘይት ወይም ንጥር ቅቤ፣ ሁለት ቃሪያ፣ አንድ ሎሚ፣ ሁለት ሊትር ተኩል ውሀ። በአገራችን ሪጅላን ገበያ ላይ ላላገኘ ሰው ቆስጣ ይተካለታል።

ቋንጣው በጣት ቁመት ልክ ተሰባብሮ፣ አቧራው በለብ ባለ ውሀ ታጥቦ፣ ለአንድ ሰዓት ይዘፈዘፍ። ከዚያ ዝንጅብሉ ተጨምሮበት በዝግታ እሳት ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይቀቀል። በሌላ ድስት ሽንኩርቱ ያለ ዘይት ይቁላላ፤ ማቁላላት ማለት ሽንኩርትን በደረቁ እያማሰሉ ውሀው እስኪመጥና መልኩ እስኪለወጥ ማብሰል ነው። ከዚያ በኋላ ዘይቱና ነጭ ሽንኩርቱ ይግቡ። አሁን ሥጋው ከነመረቁ ይገለበጥበታል፤ ቅንጬውም ይጨመራል። ሾርባውን ከውሀነት አውጥቶ የሚያጠግብ የሚያደርገው ቅንጬው ነው። ቅንጬው ሲለሰልስ፣ ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ፣ ተቀንጥሶና ታጥቦ በደቃቁ የተከተፈው ጎመን ይገባል፤ ከሀያ ደቂቃ በኋላ ሪጅላዋ። ሪጅላ ከሰባት ደቂቃ በላይ እሳት አትፈልግም። ቃሪያውና የሎሚው ጭማቂ ድስቱ ከወረደ በኋላ ነው።

ጨው መጨመር የሚገባው ከሁሉ በኋላ፣ ተቀምሶ ነው፤ ቋንጣው የራሱን ጨው ይዞ መጥቷልና። ጎመኑን ለብቻው ቀቅለው ውሀውን የሚደፉ ሰዎች አሉ፤ ይህ የቅጠሉን ብርታት ማፍሰስ ነው። ሎሚውም ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ በጎመን ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት በቀላሉ እንዲቀበለው ይረዳል፤ ጥቂቱ ሥጋም እንዲሁ ያደርጋል። ለነፍሰ ጡሮችና ለሚያጠቡ እናቶች መረቁን በተለይ የምናስበው ስለዚህ ነው።

አሁን ስለዚያ ሚያዝያ እንናገር። ለዐቢይ ጾም ቅበላ ከአገራችን ሰዎች ጋር በሬ በቅርጫ አርደን፣ ከድርሻችን ዘጠኝ ኪሎ ያህል ቋንጣ አድርገን ነበር። ቋንጣ ከጥንት ጀምሮ የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ በቅበላ የተሰቀለው ሥጋ 55 ቀን ጾሞ ፋሲካን ይጠብቃል። የቀዳም ሥዑር ዕለት፣ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ጠዋት ከአውሮፕላን ማረፊያው በኩል ተኩስ ተሰማ። የሱዳን ሠራዊትና ፈጥኖ ደራሽ የሚባለው ኃይል መዋጋት ጀምረው ነበር። ለሱዳኖቹም ረመዳን ሊፈታ ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር። በዚያ ቀን በግድግዳው በዚህም በዚያም ያለነው ሁላችን ጾመኞች ነበርን።

መብራቱ ወዲያው ጠፋ፤ ውሀውም ተከተለው። ዶሮ ወጡን እትዬ በቀረችው ጋዝ ሌሊቱን ሠሩት፤ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ስላልተቻለ ጾሙን የፈታነው ወለል ላይ ተቀምጠን፣ ከመስኮት ርቀን ነው። ሰኞ ጋዙ አለቀ፤ በማቀዝቀዣው ውስጥ የነበረው ሥጋ ሁሉ ሸተተ። የቀረን በገመድ ላይ ያለችው ሙሽራይቱ፣ ግማሽ ጆንያ ከሰል፣ ጥቂት ቅንጬና ዱቄት፣ በጣራው ላይ ካለው በርሜል የተረፈ ውሀ ነበር። የዘፈዘፍንበትን ውሀ መድፋት ያቆምነው ያን ጊዜ ነው፤ ያንኑ መልሰን አፈላነው፣ ጨውም አልጨመርንም።

በአራተኛው ቀን ሀቦባ ከግድግዳው ማዶ ተጣሩ። ከሁለት የልጅ ልጆቻቸው ጋር ነበሩ። የደረቀ ሥጋቸውም አለ፣ ወይካ የሚሉት ደርቆ የተፈጨ ባሚያም አለ፣ በግቢያቸውም ሪጅላ አለች፤ የሌላቸው እሳት ነበር። እትዬም «ይምጡ፣ ሀቦባ፤ እሳቱ ለሁላችን ነው» አሏቸው።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር ነበር። ክርስቲያኑና እስላሙ አንዱ ያረደውን ሌላው አለመብላቱ በእኛ አገር የቆየ ልማድ ነው። ሀቦባ ይህን ያህል አይጠነክሩም ነበር፤ እትዬ ግን ጦርነት መጣ ብለው ልማዳቸውን የሚተዉ ሴት አይደሉም። ከእኛ መካከል አንዱ «በዚህ ሰዓት እንኳ?» ቢላቸው፣ «በዚህ ሰዓት ነው እንጂ ሰው ራሱን የሚይዝ» ብለው መለሱ። ስለዚህ በአንድ ካኑን፣ ይኸውም በሱዳኖቹ የከሰል ምድጃ፣ ሁለት ድስት በተራ ተጣደ፤ በአንደኛው የእኛ ቋንጣ፣ በሁለተኛው የሀቦባ። ጎመኑና ሪጅላዋ ግን ከአንድ ሰፌድ ተነሥተው እየተመጠኑ ለሁለቱም ገቡ። እትዬ ሲያካፍሉ አየናቸው፤ ወደ ሀቦባ ድስት የሚሄደው እፍኝ ዘወትር ሞላ ይል ነበር።

የዚህን መረቅ ጥቅም እስከዚያ ቀን ድረስ በሙሉ አላወቅነውም ነበር። ተኩሱ ሲበረታ ድስቱን በግቢው ትተን ወደ ውስጠኛው ክፍል እንገባለን፤ አንዳንዴም አንድ ሰዓት ያህል አንወጣም። ወጥ ቢሆን ኖሮ ባረረ። መረቅ ግን በዝግታ ፍም ላይ ማንም ሳያማስለው ብቻውን ይበስላል። ከሰሉም ያለቀብን እንደ ፈራነው ቶሎ አልነበረም። ፀሐይ ስትጠልቅ ሀቦባ ድስታቸውን ይዘው ጾማቸውን ይፈታሉ፤ እኛም በፍም ላይ ቂጣ ጋግረን የእኛን እንበላለን። በመጀመሪያው ማታ ሀቦባ ከመቅመሳቸው በፊት እጃቸውን ዘርግተው ስለ መንገዳችን፣ ስለ እናቶቻችን፣ ስለ አገራችን ረጅም ጸሎት አደረጉልን። መረቃችን በዚያም ቀን ቀዘቀዘ፤ አሁን ግን ማንም አልሳቀም።

እንደዚህ ሆነን ስድስት ቀን አደርን። የቆርቆሮው ጎመን ካለቀ በኋላ በሪጅላ ብቻ ሠራን፤ ሪጅላዋም ስትሳሳ ከሀቦባ ወይካ አንድ ማንኪያ እየጨመርን አወፈርነው። በአሥረኛው ቀን፣ ሚያዝያ 16፣ መኪና ተገኘና በገዳሪፍ አድርገን፣ በገላባት በኩል ወደ መተማ ለመውጣት ተነሣን። ሀቦባን አብረውን እንዲመጡ ብንለምናቸው ቤታቸውን ትተው እንደማይሄዱ ነገሩን። ከቀረው ቋንጣ ለመንገድ ይዘን ነበር፤ በደረቁ ታኝኮ ሦስት ቀን አደረሰን። በርሜሉንና የጣልሑን እንጨት ለእሳቸው ተውን። እሳቸውም አንድ ጣሳ ወይካ ሰጡን።

በኋላ ሀቦባም ወደ ዘመዶቻቸው አገር ለመውጣት ተገደዱ። ካርቱም በመጋቢት ወር 2017 ዓ.ም. ተመልሳ በሠራዊቱ እጅ ገባች፤ የእሳቸው ቤት ግን በሩም መስኮቱም ተወስዶ እንደ ቆየ ነግረውናል። እትዬ በጎንደር ናቸው፤ ጎመናቸውን አሁን የሚተክሉት በመሬት ላይ ነው። እኛ ደግሞ ያለነው ጭስ በሌለበት የኤሌክትሪክ ምድጃ ቤት ስለ ሆነ ሌላ በርሜል ገዝተን በወይራ እናጥናለን። ሀቦባ ከሰላምታቸው ቀጥለው በስልክ የሚጠይቁን ዘወትር ያንኑ ነው፤ «ሙሽራይቱ ተዳረች ወይ?» ይሉናል። ዘንድሮም ለቅበላ አራት ኪሎ መስቀላችንን ነግረናቸዋል።